ብርጭቆ ማጠቢያ ማሽኔ ጠዋት ደህና ናት፣ ማታ ቀጥ ትላለች (ድሬዳዋ)

የከዚራዋ (ሰኞ፣ ማታ 5:40)

ሰላም ለዚህ ቤት። ከዚራ ትንሽ ባር አለችኝ። ቀን ሻይና ማኪያቶ፣ ማታ ድራፍት እንሸጣለን። ከስምንት ወር በፊት ባንኮኒ ስር የምትገባ የብርጭቆ ማጠቢያ ማሽን ገዛሁ። ያገለገለች ናት፣ የጣሊያን ስሪት። መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ሊያጥቡባት ይሻሙ ነበር። በሁለት ደቂቃ ቅርጫት ሙሉ ብርጭቆ እያበራ ይወጣል።

አሁን ግን ጠላቴ ሆናለች። ብርጭቆው ነጭ ጭጋግ ይዞ ይወጣል። በጨርቅ ስናሸው ትንሽ ይለቃል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይመጣል። ጃምቦ ሲቀዳ ደግሞ አረፋው ወዲያው ይጠፋል። ደንበኛው «ቢራው ሞቷል» ይላል። ቢራው አልሞተም! በእጅ በታጠበ ብርጭቆ ስቀዳው አረፋው ቁጭ ይላል።

የባሰው ሦስተኛው ነው። ማታ ሥራ ሲበዛ ማሽኗ መሀል ላይ ቀጥ ትላለች። መብራቷ በርቷል፣ ውሃው ዝም ብሏል። አንዳንዴ አስር ደቂቃ ትቆያለች። ከዛ በራሷ ጊዜ ትጨርሳለች። ጠዋት እንዲህ አታደርግም።

አንድ ባለሙያ መጥቶ አየና «ቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» አለኝ፣ ማሽኗን የሚያዛት የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ማለቱ ነው። የጠራው ዋጋ ማሽኗን ከገዛሁበት ግማሽ ይሆናል። ከመክፈሌ በፊት የምታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር በሉኝ።

ቢራ_ቀጂ (ሰኞ፣ ማታ 6:05)

አቦ እህቴ አይዞሽ። የአረፋውን ነገር ለእኔ ተይው፣ እድሜዬን የፈጀሁት ድራፍት ስቀዳ ነው።

አረፋ የሚገድለው ቅባት ነው። ወይ የሳሙና ቅሪት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ የማኪያቶ ብርጭቆና ጃምቦ አንድ ቅርጫት ውስጥ ነው የሚታጠቡት? ከሆነ የወተቱ ስብ ማጠቢያው ውሃ ውስጥ ይቀራል። ማሽኗ ደግሞ ያንኑ ውሃ እያዞረች ነው የምትረጨው። ስለዚህ ጃምቦሽን በወተት ውሃ እያጠብሽው ነው ማለት ነው።

ቀላል ፈተና አለ። ብርጭቆውን በቀዝቃዛ ውሃ አርጥቢና ገልብጠሽ አራግፊው። ከዛ ውስጡን ጨው ነስንሺበት። ንጹህ ብርጭቆ ላይ ጨው ዙሪያውን እኩል ይለጠፋል። ቅባት ያለበት ቦታ ግን ጨው አይዝም፣ ራቁቱን ይቀራል። ነገ ሞክሪውና ንገሪን።

እኔ_በእጄ (ሰኞ፣ ማታ 6:20)

ሦስት ሳፋ። አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ማለቅለቂያ፣ አንዱ ንጹህ ውሃ። ቦርድ የለው፣ የውሃ ማሞቂያ ኤለመንት የለው። እናቶቻችን በዚህ ነው ያሳደጉን። ማሽን ለድሬ ውሃ አልተሠራም አቦ!

ቢራ_ቀጂ (ሰኞ፣ ማታ 6:24)

ቅዳሜ ማታ ባንኮኒ ጀርባ ቆመህ አይተኸው ታውቃለህ? ከሰላሳ ጃምቦ በኋላ ሦስተኛው ሳፋ ራሱ ሾርባ ነው የሚመስለው።

ማሽን_ሐኪም (ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:15)

እህቴ፣ ቦርድ አትግዢ። ቢያንስ ዛሬ አትግዢ።

የተቃጠለ ቦርድ ጠዋት ጠዋት አይድንም። ጠዋት የሚሠራ፣ ማታ የሚቆም፣ ከዛ በራሱ የሚጨርስ ማሽን አእምሮው ጤነኛ ነው። የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው። ምን እንደሚጠብቅ ልንገርሽ።

እነዚህ ማሽኖች ሁለት ውሃ አላቸው። አንደኛው ታች ገንዳው ውስጥ ያለው ነው። ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ይሞቃል፣ ሳሙና ይገባበታል፣ ፓምፑ እያዞረ ይረጨዋል። ሁለተኛው ትንሹ ቦይለር ውስጥ ያለው የማለቅለቂያ ውሃ ነው። ንጹህ ነው፣ ከገንዳው ይበልጥ ይሞቃል። ሰሃን ማጠቢያ ላይ ከ82 ዲግሪ በላይ እንዲሆን ነው የሚፈለገው፣ ጀርም የሚገድለው ሙቀቱ ስለሆነ። ብርጭቆ ማጠቢያዎች ብርጭቆው እንዳይሰነጠቅ ብለው ዝቅ የሚያደርጉት አሉ።

ብዙዎቹ ላይ ቦይለሩ የተባለለት ሙቀት ካልደረሰ ማለቅለቅ አይጀመርም። ማሽኑ ቆሞ ይጠብቃል። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ፋብሪካው ሆን ብሎ ያደረገው ነው። የማያውቅ ሰው ሲያየው ግን የተቃጠለ ይመስለዋል።

ስለዚህ ጥያቄው «ቦርዱ ምን ሆነ» አይደለም። «ውሃው ለምን ቶሎ አልሞቀም» ነው። እነዚህን መልሺልኝ፦ ማሽኗ ስንት ዋት ትላለች? ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል። ማታ ፍሪጁና ማራገቢያው ሁሉ ይሠራል ወይ? ቦይለሩ ተከፍቶ ታይቶ ያውቃል? ውሃዋ በቀጥታ ከመስመር ነው ከታንከር? ምን ሳሙና ነው የምትጠቀሙት?

የከዚራዋ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:30)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድ ይሁኑ ሴት አላውቅም፣ ግን ጋሼ ልበልዎት።

ጀርባዋ ላይ 3 ኪሎዋት ይላል። ማታ ሁለት ፍሪጅ፣ አራት ማራገቢያ፣ የድራፍቱ ማቀዝቀዣ፣ ቴሌቪዥን፣ ሁሉም ይሠራል። ቦይለሩን ማንም ከፍቶት አያውቅም። ውሃው ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ነው የሚወርደው፣ መስመሩ በየቀኑ ስለማይመጣ።

ሳሙናው… እንዳትቆጡኝ። የማሽኑ ሳሙና ሲያልቅ ልጆቹ የእጅ ማጠቢያውን ፈሳሽ ሳሙና ይጨምሩበታል። «ትንሽ ብቻ ነው» ይሉኛል።

የጨው ፈተናውንም ሞከርኩት። ግማሹ ብርጭቆ ጨው አልያዘም። አፍሬ ነው የጻፍኩት።

ማሽን_ሐኪም (ማክሰኞ፣ ጠዋት 4:50)

ጋሼ ነኝ፣ ችግር የለም። አላሳፈርሽም፣ ይሄን ያላደረገ ቤት የለም።

ከሳሙናው ልጀምር። የእጅ ሳሙና የተሠራው አረፋ እንዲያወጣ ነው። የማሽን ሳሙና ደግሞ አረፋ እንዳያወጣ። የእጁን ማሽን ውስጥ ስትጨምሪ ፓምፑ ውሃ መግፋቱ ቀርቶ አረፋ ይገፋል። ውሃ የሚረጩት ክንዶች በደንብ አይሽከረከሩም። አረፋው በበሩ ጎማ በኩል ይወጣል፣ ወለሉ ይረጥባል፣ ቀጥሎ «ማሽኑ ያፈሳል» ይባላል። የውሃ መጠን የሚለካው መሣሪያም ይሳሳታል። ብርጭቆው ላይ የሚቀረው ቅሪት ደግሞ የቢራውን አረፋ ይገድላል። አንድ ማንኪያ ሳሙና ስንት ሥራ እንደሠራ አየሽ?

ዛሬ ገንዳውን ሙሉ በሙሉ አፍስሺ። በንጹህ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ባዶውን አዙሪው፣ አረፋው እስኪጠፋ።

የማሽን ሳሙና ጠንካራ ነገር ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል። በጓንት ያዙት። በውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ገልብጣችሁ ባንኮኒ ስር እንዳታስቀምጡ። ጠምቶት የሚያነሳው ሰው አይጠፋም።

ኤሌክትሪክ_ለገሃሬ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:10)

የማታውን እኔ ልናገር። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሲያበራ ቮልቴጅ ይወርዳል። ይሄን የማያውቅ የድሬ ሰው የለም፣ ማራገቢያው ዘገምተኛ ሲሆን ይታያል። ሰው የማያውቀው ኤለመንት ላይ ምን እንደሚያደርግ ነው።

የኤለመንት ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይደለም የሚወርደው። በስኩዌር ነው። 220 ላይ 3 ኪሎዋት የሚሰጥ ኤለመንት 180 ላይ 2 ኪሎዋት ነው የሚሰጥሽ። ቮልቴጁ ሲሶ አልቀነሰም፣ ሙቀቱ ግን በሲሶ ቀነሰ። ጠዋት ሦስት ደቂቃ የፈጀ ውሃ ማታ አራት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል።

ቴስተር ያለው ሰው ጥሪና ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ማሽኗ እየሠራች፣ ሶኬቱ ላይ ይለካ። ሳትሠራ ሳይሆን እየሠራች። ሶኬቱንም በእጅሽ ጀርባ ንኪው። 3 ኪሎዋት ማለት ወደ 14 አምፔር ነው። በማከፋፈያ ገመድ ከፍሪጅ ጋር ከሰካችሁት ስፒናው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ለብቻዋ መስመር ከቆጣሪው ይሳብላት።

እና አንድ ጥያቄ፣ ስትነኳት ትነዝራለች?

የከዚራዋ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:25)

አልፎ አልፎ፣ እጅ እርጥብ ሲሆን። ልጆቹ ይስቃሉ።

ኤሌክትሪክ_ለገሃሬ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:27)

አይሳቅም! አሁኑኑ ንቀይልኝ። እርጥብ ወለል፣ እርጥብ እጅ፣ ብረት ማሽን። አርዙ፣ ፍሳሹን ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ፣ ወይ የለም ወይ ተቆርጧል። ኤለመንቱ ወይም ገመዱ ኤሌክትሪክ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። አርዝ ተስተካክሎ፣ ሰው ላይ ሳይደርስ መብራት የሚያጠፋው ብሬከር ሳይገባ እንዳትሰኪው። ሌላው ችግር ሁሉ ነገ ይደርሳል፣ ይሄኛው አይጠብቅም።

የከዚራዋ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 8:40)

ነቅያታለሁ። ነገ ኤሌክትሪሺያን ይመጣል።

ፈረስ_መጋላ (ማክሰኞ፣ ማታ 1:30)

ከሐረር ነው። ካፌ አለኝ። የነጩን ጭጋግ ነገር እኔ በገንዘቤ ተምሬዋለሁና ላካፍላችሁ።

ድሬ ለምን ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ሲሚንቶ ይመረትባታል? የኖራ ድንጋይ ስላላት። ያ ድንጋይ ከመሬት ውሃው ጋር ይመጣል። ከጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ድንጋዩን አሟሙቶ ይይዛል፣ ሲሞቅ መልሶ ይተፋዋል። የሻይ ጀበናሽን ውስጡን እይው፣ ነጭ ቅርፊት አለው አይደል? ቦይለርሽም ያው ነው፣ ለዚያውም ቀኑን ሙሉ የሚፈላ ጀበና።

እኛ ሐረሮች ድሮ በድሬ ውሃ እንስቅ ነበር። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ግን ውሃ ከድሬ በኩል ካለ ጉድጓድ ሽቅብ ተገፍቶ ይመጣልን ጀመር። አሁን አንስቅም። ከውሃው ጋር ቅርፊቱም ዳገቱን ወጥቷል።

የማጣሪያ ፈተና፦ አንድ ጭጋጋም ብርጭቆ ነጭ ኮምጣጤ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ንከሪው። ጭጋጉ ከለቀቀ ኖራ ነው፣ ይድናል። ካልለቀቀ ብርጭቆው ራሱ ተበልቷል። በሙቀትና በጠንካራ ሳሙና ፊቱ ተፍቋል ማለት ነው። ያ ከእንግዲህ አይመለስም። እኔ ሁለት ካርቶን የሻይ ብርጭቆ እንዲህ አጥቼ፣ ባለማወቅ ሳምንት ሙሉ በኮምጣጤ ሳሽ ከረምኩ። የምስቀው በራሴ ነው።

ቱቦ_ሳቢያን (ማክሰኞ፣ ማታ 2:15)

እኔ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። ሁላችሁም ያላነሳችሁትን አንድ ነገር ላንሳ፣ ሮቶዋ ስንት ሜትር ላይ ናት?

ሰው ታንከር ጣሪያ ላይ ከሰቀለ «ግፊት አለኝ» ብሎ ያስባል። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ነው የሚሰጠው። ጣሪያሽ 5 ሜትር ከሆነ ግማሽ ባር አለሽ። አብዛኞቹ ማሽኖች 2 ባር ገደማ ይፈልጋሉ። 2 ባር በሮቶ ብቻ ለማግኘት 20 ሜትር ላይ መስቀል አለብሽ። ከዚራ ውስጥ እንዲህ ያለ ጣሪያ ስንት አለ?

ግፊት ሲያንስ ማለቅለቂያው ይንጠባጠባል እንጂ አይረጭም። ሳሙናው ብርጭቆው ላይ ይቀራል። እንደገና የአረፋ ነገር!

መፍትሔው ትንሽ የግፊት ፓምፕ ነው፣ ከሮቶው ቀጥሎ። ከዋናው መስመር ላይ ግን እንዳትስቢ፣ ያ የጎረቤትን ውሃ መጥባት ነው። አንዳንድ ማሽን የራሱ የማለቅለቂያ ፓምፕ አለው፣ ያኛው ብዙ ግፊት አያስፈልገውም። ስለዚህ መጀመሪያ አስከፍተሽ እይ፣ ከዛ ግዢ። ፓምፕ ሻጭ ይሄን አይነግርሽም።

ሌላ፣ ውሃው ወደ ማሽኑ የሚገባበት ጎማ ጫፍ ላይ ወንፊት አለች፣ የጥፍር ያህል ትንሽ። ሳራቺኔስካውን (የውሃ መዝጊያውን) ዝጊ፣ ጎማውን ፍቺ፣ ወንፊቷን በፒንሳ ስበሽ አውጪ። ሮቶው ታጥቦ ካላወቀ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ግማሹን እዛች ወንፊት ላይ ታገኚያለሽ።

እኔ_በእጄ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:40)

ፓምፕ፣ አርዝ፣ ብሬከር፣ ኮምጣጤ፣ ወንፊት። ሦስት ሳፋ ብዬ ነበር።

የከዚራዋ (ማክሰኞ፣ ማታ 2:45)

ወንድሜ፣ ዛሬ ማሽኗ ስለተነቀለች በሦስት ሳፋ ነው እያጠብን ያለነው። ልጆቹ አንተን እየረገሙህ ነው 😂

የከዚራዋ (ዓርብ፣ ከሰዓት 9:00)

ተመልሻለሁ። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

ኤሌክትሪሺያኑ መጣ። አርዙ ሶኬቱ ጋ ተቆርጦ ነበር። እዛው አስተካከለው፣ አዲስ መስመር ሳበ፣ ብሬከሩን አስገባ። ማታ ስትሠራ ለካ፣ 184 ቮልት። አዲሱ መስመር ላይ 197 ሆነ። ሙሉ አልሆነም፣ ግን ስፒናው አይግልም።

ብሬከሩ ገብቶ ማሽኗን ስንሰካ ወዲያው ወረደ። ኤለመንቱ እውነትም ያፈስ ነበር። ቦይለሩ ተከፈተ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ… ኤለመንቱ አይታይም። ነጭ ድንጋይ ለብሶ የበቆሎ እሸት መስሏል። ስንቀጠቅጠው ቅርፊቱ እንደ እንቁላል ልጣጭ ወረደ፣ ብረቱ ደግሞ ተሰንጥቋል። አዲስ ኤለመንት ተገዛ። ከቦርዱ ዋጋ አንድ አስረኛ አይሞላም።

የማለቅለቂያው ክንድ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች ግማሹ ተደፍኗል። በስቴኪኒ ወጋን፣ እንቢ ያለውን ክንዱን አውልቀን ኮምጣጤ ውስጥ አሳደርነው። ታችኛው ፊልትሮ ውስጥ የተገኘ፦ ቆርኪ ሁለት፣ የሎሚ ፍሬ፣ የቢራ ወረቀት የተቦካ፣ ስቴኪኒ ብዙ፣ እና የጠፋ የጆሮ ጌጤ። የጆሮ ጌጡን ሰርቃለች ብዬ የጠረጠርኳት ልጅ ነበረች። ይቅርታ ጠየቅኳት።

ማሽን_ሐኪም (ዓርብ፣ ከሰዓት 9:20)

የጆሮ ጌጡ ከኤለመንቱ ይበልጣል። ጎበዝ።

አሁን ድንጋዩ ለምን እንዳቃጠለው ልጨምር። ቅርፊቱ ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። ኤለመንቱ ውስጥ ውስጡን ይግላል፣ ውሃው ቶሎ አይሞቅም። ብረቱ ከአቅሙ በላይ ሲግል ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባበታል፣ ያኔ ነው የሚነዝረው። መንዘሩም፣ ነጩ ጭጋግም መነሻቸው አንድ ነው። ማታ መቆሙ ላይ ግን ቮልቴጁም እጁ አለበት።

ኤለመንቱ አዲስ ስለሆነ ከወር በኋላ ቅርፊት ማንሻ ታደርጊበታለሽ። ሲትሪክ አሲድ ይሻላል፣ አይሸትም። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም ገደማ። በጣም አታሙቂው፣ ውሃው ከፈላ ሌላ ዝቃጭ ይፈጥራል። በገንዳው አዙሪና በደንብ አለቅልቂ። ይሄ ገንዳውንና ክንዶቹን ነው የሚደርሰው፣ ቦይለሩ ውስጥ ግን አይገባም። ቦይለሩን ባለሙያ ይክፈተው።

አንድ ነገር ግን በትልቁ ጻፊና ባንኮኒ ስር ለጥፊ፦ በረኪናና ቅርፊት ማንሻ በፍጹም አይቀላቀሉም። ኮምጣጤም ሲትሪክም አሲድ ነው። በረኪና ሲነካው የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ጠባብ ባር ውስጥ፣ ማራገቢያ እየነፈሰ፣ ሰው ይወድቃል። በረኪና ደግሞ ለብቻውም ቢሆን ማሽን ውስጥ አታስገቡ፣ የማይዝገውን ብረት በነጠብጣብ ይበላዋል።

ፈረስ_መጋላ (ዓርብ፣ ማታ 12:30)

ጋሼ፣ ወር በወር አሲድ ከማድረግ ውሃውን ማለስለሻ አይሻልም? እኔ ጋ ከማሽኑ በፊት የምትቆም ሲሊንደር አለች። ውስጧ ትናንሽ ፍሬዎች አሉ፣ ኖራውን እነሱ ይይዙታል። በየጊዜው ጨው ይጨመርባትና ታጥባ ትታደሳለች። ከገባች ወዲህ ቦይለሬን አንዴ ነው የከፈትኩት፣ ንጹህ ነበር።

ማሽን_ሐኪም (ዓርብ፣ ማታ 1:10)

ይሻላል። እንዲያውም መጀመሪያ መባል የነበረበት እሱ ነው። ግን ሁለት ነገር።

ጨው የማይጨመርበት ማለስለሻ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ሰው ገዝቶ ያስገባል፣ አንዴ ጨው ይጨምራል፣ ይረሳል። ከሳምንታት በኋላ ውሃው እንደነበረው ያልፋል፣ ባለቤቱ «ማለስለሻ አለኝ» እያለ ይኖራል። ቀን ወስናችሁ መዝግቡ። ብዙ ማሽኖች የራሳቸው ማለስለሻ በሆዳቸው አላቸው፣ በሩን ስትከፍቺ ገንዳው ጥግ ላይ ክዳን ካየሽ እሱ ነው። የከዚራዋ፣ የአንቺን እይው።

ጨውም ያልተፈጨ ይሁን፣ ንጹህ ይሁን። ደቃቁ የወጥ ጨው ይጋገርና ይደፍናል። አፈር ያለበት ጥሬ ጨው ደግሞ ፍሬዎቹን ያቆሽሻል።

የከዚራዋ (ዓርብ፣ ማታ 1:30)

አለ! ክዳን አለ። ስምንት ወር ሙሉ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ስፖንጅ ሳስቀምጥበት ኖሬያለሁ። ከፈትኩት፣ ጨው የሚባል ነገር የለበትም። ውሃ ብቻ።

ቢራ_ቀጂ (ዓርብ፣ ማታ 5:50)

ሃሃሃ! እንኳን ተገኘ።

ለአንቺ የቀረኝ ይሄ ነው። የማኪያቶውን ብርጭቆ ወተቱን በውሃ አስለቅልቀሽ ለብቻው ቅርጫት እጠቢ። ከዛ በኋላ የገንዳው ውሃ ከደፈረሰ ቀይሪ፣ «ማታ ሲዘጋ» አትበይ። ከማለቅለቂያው ውሃ ጋር የሚገባው የማድረቂያ ፈሳሽ መጠንም ይቀነስ። ብዙ ከሆነ ብርጭቆው ላይ ይቀርና እሱም አረፋ ይገድላል። ሰማያዊ ቀለም ያለው መስመር ወይ የሚያዳልጥ ስሜት ካየሽ በዝቷል።

ከማሽን የወጣ ትኩስ ብርጭቆ ላይ አትቅጂ። ያኔ ተቃራኒው ነው የሚሆነው፣ አረፋ ብቻ ይሆናል፣ ግማሹ ቢራ ይደፋል። በድሬ ሙቀት ብርጭቆ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ስለዚህ ተጨማሪ ሁለት ደርዘን ጃምቦ ይኑርሽ። አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይቀዝቅዝ። ከመቅዳትሽ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጊው።

ያን ጨርቅ ደግሞ ጣይው። ብርጭቆ በአየር ይደርቃል። ጨርቁ ነው ቅባቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዞረው።

የከዚራዋ (ማክሰኞ፣ ከሰዓት 10:15)

የሁለት ቀን ሥራ አየሁና ነው የምጽፈው። ቅዳሜ ማታ አንዴም አልቆመችም። እሁድ ማታ አንዴ ቆመች፣ ሁለት ደቂቃ ያህል፣ ከዛ ጨረሰች። አሁን ምን እንደምትጠብቅ ስለማውቅ አልደነገጥኩም። የጨው ፈተናውን አልፈናል። አረፋው ጃምቦው እስኪያልቅ ይከተላል።

የኮምጣጤው ፈተና ግን ልቤን ሰበረው። 38 ብርጭቆ አልለቀቀም። ተበልቷል። ለሻይ እንኳ አይሆንም፣ የሚጠጣ ሰው የቆሸሸ ይመስለዋል። ለአንዲት አበባ ለምትሸጥ ጎረቤቴ ሰጠኋት።

የግፊት ፓምፑን ገና አልገዛሁም። ቱቦ_ሳቢያን እንዳለው አስከፍቼ አየሁ፣ የራሷ ፓምፕ የላትም። ማለቅለቂያው አሁንም ደከም ይላል። የወሩ መጨረሻ ላይ አስገባለሁ። ያ «ቦርዱ ተቃጥሏል» ያለኝ ባለሙያ ትናንት ደውሎ «ወሰንሽ ወይ?» አለኝ። ቦርዱ በጸሎት ዳነ አልኩት።

ዝም_ብዬ_አንባቢ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:00)

ከጀመረ ጀምሮ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ይቅርታ፣ የእኔም ተመሳሳይ ስለሆነ እዚሁ ልጠይቅ። ሐረር ሸንኮር ነው ያለሁት። ማሽኔ ውሃ መሙላት አያቆምም። ገንዳው ይሞላል፣ በመትረፊያው ይፈስሳል፣ እሷ ግን ትቀጥላለች። የውሃ ሂሳብ ሊገድለኝ ነው።

ማሽን_ሐኪም (ማክሰኞ፣ ማታ 3:20)

ወንድሜ፣ ውሃ እየገባ እያለ ስፒናውን ንቀል። ውሃው መግባቱን ካላቆመ የመግቢያው ቫልቭ አሸዋ ይዞ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ፈተህ ታጥበዋለህ ወይ ትቀይረዋለህ። ስትነቅል ካቆመ ቫልቩ ደህና ነው፣ «አልሞላም» እያለ የሚያዘው ሌላ ነው። የትኛው ነው?

ዝም_ብዬ_አንባቢ (ማክሰኞ፣ ማታ 3:31)

ነቀልኩ። ቆመ።

ማሽን_ሐኪም (ማክሰኞ፣ ማታ 3:40)

እንግዲያው ከገንዳው ወደ ውሃ መጠን መለኪያው የምትሄድ ቀጭን ጎማ አለች። በውስጧ አየር ነው ያለው፣ ውሃው ሲወጣ አየሩን ይገፋዋል፣ መለኪያው «በቃ» ይላል። ጎማዋ ከተሰነጠቀች ወይ ጫፏ በቅባትና በኖራ ከተደፈነች መልእክቱ አይደርስም። ነገ ጠዋት ነቅለህ፣ ጎኑን በካቻቢቴ ክፈትና ጎማዋን አውጥተህ በአፍህ ንፋ። ያየኸውን ጻፍልኝ። ቦርድ እንዳትገዛ።